ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፦ ሥራ የበዛበት ሰው ወደ አማተር ቴአትር ስለ መመለሱ

ባለፈው ኅዳር በአንድ ቅዳሜ ማታ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ያልሠራሁትን ሥራ ሠራሁ፤ ሻሽ አስሬ፣ ከእናቴ ሣጥን የወጣ ቀሚስ ለብሼ፣ ሌላ ሴት ሆኜ በሰው ፊት ቆምሁ። ተመልካቹ መቶ አርባ ያህል ነበር። ወንበሮቹ የሚታጠፉ፣ መብራቱ የተውሶ፣ መጋረጃው በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ አንሶላ ነበር። ቴአትሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በማግስቱ የሳምንቱን ልብስ አጠብሁ፤ ሰኞ ጧት ደግሞ እንደ ወትሮው የሩብ ዓመቱን የበጀት ክንውን ለአለቆቼ አቀረብሁ።

ይህን የምጽፈው ስለ ትወና ችሎታዬ ለማውራት አይደለም፤ ችሎታዬ መካከለኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አብዛኞቹ እንደ እኔ ስለ ተቋማት፣ ስለ ፖሊሲና ስለ አገር አብዝተን የምናስብና ጊዜ የለንም የምንል ሰዎች መሆናችንን ስለማውቅ ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው። በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን የጋራ ሕይወታችንን ለስብሰባ፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያና ለለቅሶ ብቻ ትተነዋል። ሦስቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ሆኖም ከማንስማማው ሰው ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ የመሥራትን ልማድ አንዳቸውም አያስተምሩም። አማተር ቴአትር ይህን ያስተምራል። ስለዚህ ለእርሱ የምናወጣው ሰዓት ከመዝናኛ ተርፎ የሚሰጥ ምጽዋት ሳይሆን ማኅበረሰባችን ሊያቅድለትና በጀት ሊይዝለት የሚገባ ወጪ ነው።

ማንም አቁሚ አላለኝም

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ሚኒ ሚዲያው በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥምና ቀልድ ያሰማል፤ የፀረ ኤድስ ክበቡ የሰንደቅ ዓላማው ሜዳ ላይ ድራማ ያሳያል። ድራማዎቹ በአመዛኙ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ምክር የማይሰማ ወጣት፣ የሚያሳስት ጓደኛ፣ አስተዋይ መምህር፣ በመጨረሻም አልቃሽ እናት። ከክበቡ ልጆች ረጅሟ ስለ ነበርሁ እናቲቱን የምሆነው እኔ ነኝ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ልጅ እንደ ቀበርሁ አላስታውስም። ያኔ ኪነ ጥበብ የምንሠራ አይመስለንም ነበር። ዛሬ ግን በመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ላይ የሚያገለግለኝ ነገር ሁሉ፣ ድምፅን ሳይጮኹ ማሰማት፣ ተራን መጠበቅ፣ ሌላው ሲናገር በእውነት ማዳመጥ፣ ከዚያ አቧራማ ሜዳ የተገኘ መሆኑን አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ፣ የነፃ ትምህርት ዕድል፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ሥራ፣ ትዳርና ሁለት ልጆች ተከታትለው መጡ። ቴአትሩን አቁሚ ያለኝ ሰው የለም፤ አቆማለሁ ብዬም አልወሰንሁም። እንዲሁ ቀረ። የብዙዎቻችን ታሪክ ይኸው ይመስለኛል። አንዱ ክራር ይመታ ነበር፤ ሌላዋ ግጥም ትጽፍ ነበር፤ ሌላው የቀበሌው እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበር። ሲጠየቁ ሁሉም «ጊዜ የት አለ?» ይላሉ።

እኔ ግን ከጊዜ እጥረት በፊት የሚመጣ ሌላ ምክንያት አያለሁ። ስደተኛ መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ የሰዓት ክፍያ ያለው ነው። እያንዳንዱን ሰዓት በገንዘብ መመንዘር እንለምዳለን፤ ስንት ሰዓት ስንት የቤት ኪራይ፣ ስንት ሰዓት ለእናት የሚላክ ገንዘብ እንደሚሆን እናሰላለን። ኋላ ደመወዛችን ዓመታዊ ሆኖ፣ ቢሮና መጠሪያ ቢኖረንም ልማዱ አይለቀንም። ገንዘብ ወይም የምስክር ወረቀት ያላስገኘ ሰዓት የተሰረቀ ይመስለናል። በዚህ ላይ ደግሞ ሙያተኛነታችን ራሱ ይጨመርበታል። በባዕድ አገር መከበርን ያገኘነው በሙያችን በመሆኑ፣ መካከለኛ ሆነን በምንታይበት ቦታ መቆም ያሳፍረናል። «አማተር» የሚለውን ቃል የዝርክርክነት ስም አድርገነዋል። ቃሉ ግን ምንጩ «መውደድ» ከሚለው የላቲን ግስ ነው። የአዲስ አበባው አንጋፋ ቴአትር ቤትም ስሙ ሀገር ፍቅር መሆኑን ልብ ይሏል።

ቴአትራችንን የመሠረቱት ሥራ የበዛባቸው ሰዎች ናቸው

ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር በባለሙያ ተዋናዮች አልተጀመረም። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፈው በቴራስ ሆቴል ያሳዩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ የተማሩ የጦር ሰውና የመንግሥት ሹም ነበሩ። የአውሬዎቹ ተረት የጊዜውን አስተዳደር የሚነካ ሆኖ በመገኘቱ ታገደ። እኚሁ ሰው ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ የገንዘብ ሚኒስትር፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነዋል። የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ተውኔትና የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የአንድ ሰው እጅ መጻፉን እንደ ተራ አጋጣሚ አላየውም። ሁለቱም ሥራዎች አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ማን፣ በማን ፊት፣ ምን የመናገር መብት አለው?

ዮፍታሔ ንጉሤ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ተዋናዮቻቸውም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ወረራው ሲመጣ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር እንጂ ቴአትር ቤት አልነበረም፤ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ሕዝቡን ለመቀስቀስ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመ ነው፤ እርሳቸውም የመንግሥት ባለሥልጣን ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው አዳራሽ ሲመረቅ ለመድረክ የበቃው «ዳዊትና ኦርዮን» የተጻፈው በወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በነበሩት በራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ነው። መንግሥቱ ለማ በለንደን ተምረው፣ በሕንድ በዲፕሎማትነት ሠርተው፣ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን የሰጡን የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ።

እነዚህን ስሞች የምደረድረው ጠቅላይ ሚኒስትር ጊዜ ካገኘ እኛ ምን ነካን ለማለት አይደለም። እነዚያ ሰዎች እራት የሚሠራላቸው፣ ልጅ የሚያሳድግላቸው ሰው ነበራቸው። የእኛ ኑሮ እንዲህ አይደለም። የምለው ሌላ ነው፤ በእኛ ታሪክ ቴአትር ከሕዝብ ጉዳይ የተለየ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም። ቀን ሕግ የሚያረቅቅ፣ ልጆች የሚያስተምርና ደብዳቤ የሚፈርም ሰው ማታ ተውኔት ይጽፍ ነበር። ይህን ወግ የጣልነው እኛ ነን።

ሠላሳ ስድስት ሰዓት

ወደ ቴአትር ለመመለስ የሞከርነው ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው ከሽፏል። ከሦስት ዓመት በፊት ሰባት ጓደኛሞች ተሰብስበን ከታወቁት የቆዩ ተውኔቶች አንዱን መረጥን። ረጅም ነበር፤ አሥራ አራት ተዋናይ ይፈልግ ነበር። ሁሉም ሰው ለሁሉም ጥናት እንዲመጣ ወሰንን። በአምስተኛው ሳምንት አሥራ አራት ሰው በተጠራበት ምሽት አምስት ሰው ተገኘ። አንዷ ነርስ ናት፤ የሌሊት ተራዋ ተቀይሯል። አንዱ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ዓርብና ቅዳሜ ገበያው ነው። አንዷ የሕፃን ልጇን ትኩሳት ትጠብቃለች። የመጡት ባልመጡት ተቆጡ፤ ያልመጡት አፍረው ስልክ ማንሣት ተዉ። ቴአትር ልንሠራ ተነሥተን ሁለት ወዳጅነት አፍርሰን ተለያየን።

ባለፈው ዓመት እንደ ገና ስንነሣ ስለ ፍቅርና ስለ ፍላጎት አልተነጋገርንም፤ ስለ አሠራር ተነጋገርን። የበጀት ሠራተኛ ነኝና የመጀመሪያው ሰነዳችን ተውኔቱ ሳይሆን የሰዓት ሠንጠረዥ ነበር። ዘጠኝ ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ በምሽት ሁለት ሰዓት፤ ጠቅላላው ሠላሳ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚህ በላይ ማንም ከማንም አይጠይቅም ተባባልን። ተውኔቱ ባለ አንድ ገቢር፣ ስድስት ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ ከመካከላችን በሆነችው በነርሷ የተጻፈ ነው። በአንድ ምሽት የሚጠራው የዚያ ትዕይንት ሰው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሚና ሁለት ሰው ተመደበ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ይተካል፤ የቀረም ሰው ይቅርታ አይጠየቅም። ጥናቱ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ በሚሰጠው የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ስለሚዘጋ ማንም ማንንም አያስመሽም። ልጆች አብረው ይመጣሉ፤ ጥግ ላይ የቤት ሥራቸውን ይሠራሉ፤ በየተራ አንድ ወላጅ ይጠብቃቸዋል።

ቃለ ተውኔቴን ያጠናሁት በባቡር ነው። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። ስልኬን ከፍቼ ብመለከት በሳምንት ከአሥር ሰዓት በላይ የማላስታውሰውን ነገር ሳይ አሳልፌያለሁ። ጊዜዬ የሄደበትን ቦታ ያወቅሁት ያኔ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ጽሑፉን ይዛ ስስት ታርመኝ ነበር፤ ፊደሉን እየቆጠረች የምታነብ ልጅ በዘጠነኛው ሳምንት ከእኔ ቀድማ ቃሉን ታስታውስ ጀመር። ለአራት ዓመት በየቅዳሜው ወደ አማርኛ ትምህርት ቤት አመላልሻታለሁ፤ አማርኛ አንድ ነገር ለመሥራት የሚያስፈልግ ቋንቋ ሆኖ ያገኘችው ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ይመስለኛል።

ሆኖም ሒሳቡን በሐቅ ላስቀምጥ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እኔ ነፃ የሆንሁት ባለቤቴ እራት ስለ ሠራ፣ ትንሹን ልጅ ስላጠበና ስላስተኛ ነው። ስለ ነፃነቴ ሳወራ የእነዚያን ምሽቶች ዋጋ የከፈለው እርሱ መሆኑን ካልጠቀስሁ እዋሻለሁ። በቡድናችን ካሉት ወንዶች አብዛኞቹ ይህን ዋጋ ለሚስቶቻቸው ሲያስከፍሉ ስሌቱ ውስጥ እንኳ አላስገቡትም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ይህ ጉዳይ ተነሥቶ ከረር ያለ ክርክር ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ «በዚህ ምሽት ቤት የሚውለው ማን ነው?» የሚል ዓምድ ተጨመረ። ከሠራነው ሥራ ሁሉ ይህ ዓምድ ከቴአትሩ የሚያንስ አይመስለኝም።

«እትዬ»

ተውኔቱ ስለ አንድ ቤት ነው። አባት ሞቷል። ታላቂቱ እህት አዲስ አበባ ቀርታ አባቷን አስታምማለች፤ ታናሽ ወንድሟ ከአሜሪካ መጥቶ ቤቱ ተሽጦ ድርሻው እንዲሰጠው ይፈልጋል። እኔ እህቲቱ ነበርሁ።

ወንድምየውን እንዲጫወት የተመደበው ሰው ለሁለት ዓመት ሰላም ያላልሁት ሰው ነው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት፣ የአካባቢያችን የማኅበረሰብ ማኅበር ለሁለት ተከፍሏል። ለአዲስ ዓመት ሁለት ድግስ፣ ሁለት የገንዘብ ማሰባሰቢያ፣ ሁለት የስልክ ቡድን ነበረን። እርሱና እኔ በአንድ ስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት የማይባባሉትን ተባብለናል። ከዚያ ወዲያ በገበያ ስንገናኝ አንዳችን መንገድ እንቀይር ነበር። አጎቴ አዲስ አበባ ሞቶ እዚህ ለቅሶ ስቀመጥ አልመጣም። የአገራችንን ወግ የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በእኛ ዘንድ ጠብ የሚለካው በስድብ ሳይሆን በለቅሶ አለመድረስ ነው።

ሚናውን ሲቀበል እኔ መኖሬን አያውቅም ነበር፤ እኔም እርሱ መኖሩን አላወቅሁም። አዘጋጁ ያውቅ ነበር፤ ዝም አለ። የመጀመሪያው ንባብ ላይ ሰውየው ቀና ሳይል ወረቀቱን እያየ «እትዬ፣ እኔ እኮ ልጣላሽ አልመጣሁም» የሚለውን ቃሉን አነበበ። በሕይወት ውስጥ «እንደምን አመሸሽ» ያላለኝ ሰው በተውኔት «እትዬ» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ተራዬ ስለ ነበር መለስሁለት።

በአራተኛው ሳምንት አዘጋጁ ሚና ተለዋወጡ አለን። በጥናት ላይ የተለመደ ዘዴ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቃል እንዲናገር ያደርጋል። እኔ ቤቱ ይሸጥ ባይ፣ እርሱ አይሸጥም ባይ ሆንን። የእርሱን ቃል ለማሳመን ስሞክር ቃሉ ለምን እንደ ተጻፈ መፈለግ ግድ ሆነብኝ፤ ወንድምየው ገንዘቡን ለምን ፈለገ? የሚኖረው እንዴት ነው? ለአሥራ ስድስት ዓመት ለዚያ ቤት ጣሪያና አጥር ገንዘብ የላከው ማን ነው? ከዚያች ምሽት በፊት ተውኔቱን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ይህን መስመር ግን አላስተዋልሁትም ነበር። በራሴ ቃል ላይ ብቻ ምልክት እያደረግሁ ነበር የማነበው።

በጦርነቱ ጉዳይ ከሰውየው ጋር ዛሬም አንስማማም። አልተወያየንበትም፤ ቡና ላይ ሲነሣም ሁለታችንም ዝም እንላለን። ነገር ግን ቴአትሩ ከታየ ከሁለት ወር በኋላ እናቱ አገር ቤት ማረፏን ሰማሁ። ዜናው የመጣው በቡድኑ የስልክ መልእክት ነው። እኔም ከተዋናዮቹ ጋር እንጀራና ወጥ ይዘን ሄድን። በሩን የከፈተው ራሱ ነው። ምን እንደ ተባባልን አልጽፈውም፤ ብዙም አይደለም። ግን ሄጃለሁ፤ እርሱም አስገብቶኛል።

ለዚህ አሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

አንባቢ የሚያነሣቸው ሦስት ተቃውሞዎች ይታዩኛል፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

የመጀመሪያው፣ ቴአትር የሰላም መድኃኒት ተደርጎ መቅረቡ የዋህነት ነው የሚል ነው። እስማማለሁ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ብዙ ድንቅ አርቲስት ከዚያ ወጥቷል፤ ነገር ግን በዚያው መድረክ ጎረቤት በጎረቤት ላይ እንዲነሣ ተዘፍኗል፣ ተተውኗል። መድረክ በራሱ ቅዱስ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ጽሑፉን ማን መረጠው፣ አልጫወትም ማለት ይቻላል ወይ፣ የተቃራኒው ገጸ ባሕርይ ሰው ነው ወይስ ማስፈራሪያ ነው በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። አንዱ ወገን ለሌላው ትምህርት ለመስጠት የሚያዘጋጀው ቴአትር ስብሰባን በአልባሳት ከማስጌጥ አያልፍም።

ሁለተኛው የጊዜ ፍትሕ ጥያቄ ነው። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላል። ስለ ጊዜ ሲነገር ግን ምሳሌው እውነት አይደለም። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ከልቧ ብታለቅስም ሠላሳ ስድስት ሰዓት አይወጣላትም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ለምትሠራ እህታችን የሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንኳ በሙግት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ «ጊዜ የለኝም ማለት ሰበብ ነው» ብሎ የሚያነብ ሰው አልተረዳኝም። የምለው ለእኛ፣ ለሙያተኞቹ፣ ነው፤ የሥራ ሰዓታችንን በመጠኑ የምናዝዝ ሰዎች ሠንጠረዡን ማዘዝ ለማይችሉት አመቺ አድርገን ማውጣት ግዴታችን ነው። በቡድናችን ነርሷና ሹፌሩ ሊቀጥሉ የቻሉት የጥናቱ ቀን በእነርሱ ተራ ስለ ተወሰነ ነው። የቢሮ ሠራተኞቹ ተስማማን፤ ተስማምተንም አልሞትንም።

ሦስተኛው የጥራት ጉዳይ ነው። ሰው ከሥራ ደክሞ መጥቶ ለምን ደካማ ቴአትር ያያል? ባለሙያዎቻችን አሉ። በዋሽንግተን በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለምፀሐይ ወዳጆ የተመሠረተው ጣይቱ የትምህርትና የባህል ማዕከል የአማርኛን ኪነ ጥበብ በባዕድ ምድር ላይ ሲያቆይ ኖሯል። እኔ ግን አማተሩንና ባለሙያውን እንደ ተፎካካሪ አላያቸውም። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ከዚያ በኋላ የተሻለ ተመልካች ይሆናል፤ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ ያውቃል። በየሰፈሩ የሚሠራ ቴአትር ከሌለ የባለሙያው አዳራሽም ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል።

ምን ይደረግ?

የምንኖርባቸው አገሮች ለዚህ ሥራ ያዘጋጁት ነገር አለ፤ እኛ አንጠቀምበትም። በእንግሊዝ የአማተር ቴአትር ቡድኖችን የሚያስተባብረው ብሔራዊ ማኅበር ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በምዕራብ ለንደን ኢሊንግ የሚገኘው ኩዌስተርስ ቴአትር ከ1929 ጀምሮ ቀን ሌላ ሥራ በሚሠሩ ሰዎች ሲካሄድ ኖሯል። በስዊድን የጥናት ማኅበራት አሉ፤ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው የጥናት ክበብ ሲመሠርቱ የመሰብሰቢያ ክፍልና መጠነኛ ድጋፍ ያገኛሉ፤ ድጋፉ በከፊል ከመንግሥት የሚመጣ ነው። በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ክፍል በነፃ ይሰጣሉ፤ ብዙ ካውንቲዎችም ለኪነ ጥበብ የሚሆን አነስተኛ ድጎማ አላቸው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ የጀርመኗ የባቫርያ መንደር ኦበራመርጋው ናት። የመንደሩ ነዋሪዎች ከወረርሽኝ ለመዳን በተሳሉት ስለት መሠረት ከ1634 ጀምሮ የክርስቶስን ሕማማት በቴአትር ያሳያሉ፤ በአሁኑ ዘመን በየአሥር ዓመቱ ነው። ተዋናዮቹ አናጺ፣ አስተማሪ፣ ሆቴል ሠራተኛ ናቸው። መድረክ ላይ ለመውጣት እዚያ መወለድ፣ አለዚያም ሃያ ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ይህን ስሰማ የራሴን ዓመት ቆጠርሁ። ብዙዎቻችን በምንኖርበት ከተማ ሃያ ዓመት አልፎናል፤ እስካሁን ግን ሻንጣችንን ያልፈታን ይመስል አብረን የምንሠራው ቋሚ ነገር አልመሠረትንም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ ማኅበራትና የእምነት ተቋማት አዳራሻቸውን በሳምንት አንድ ምሽት ለጥናት ይስጡ፤ ከዓመታዊ ድግሳቸው ወጪ ትንሽ ቀንሰው ለመብራትና ለልጆች ጥበቃ ይመድቡ። በሁለት ወገን የተከፈሉ ማኅበራት ደግሞ አዳራሹን በጋራ ይከራዩ፤ ለእርቅ ጉባኤ ያልተስማሙ ሰዎች ለክፍል ኪራይ ሊስማሙ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የቆዩ ተውኔቶችን ለማሳየት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከደራስያን ወይም ከወራሾቻቸው መጠየቅን ልማድ እናድርግ። በሌላው ሙያችን ሁሉ ውል አክባሪ ነን፤ በራሳችን ደራስያን ላይ ሲሆን ግን ቸልተኞች ነን። ሦስተኛ፣ አዲስ ቡድን የሚጀምር ሰው ትንሽ ይጀምር፤ አንድ ገቢር፣ ስድስት ሰው፣ ሠላሳ ስድስት ሰዓት፣ ለሁሉም ሚና ተተኪ። መጀመሪያ የከሸፍነው ፍቅር ጎድሎን ሳይሆን ሠንጠረዥ ጎድሎን ነው።

የእኛ ቡድን ከጥር ጀምሮ ሁለተኛውን ተውኔት ያጠናል። በዚህኛው እኔ አልተውንም፤ የሥራ ዓመቱ መዝጊያ ስለሚደርስብኝ ጽሑፍ ይዤ ቃል አስታዋሽ እሆናለሁ፤ ማክሰኞ ማታም ቤት የሚውለው ማን እንደ ሆነ ከባለቤቴ ጋር ገና እየተደራደርን ነው። ያ ሰው አባትን እንዲጫወት ተመድቧል። ለተተኪነት ግን እስካሁን ሰው አላገኘንም።